በፍል ውኃ ዳር የተዘረጋው ማዕድ

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የምግብ መረብ የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ ሳያነበው ያውቀዋል። በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ በቁይ ከተማ ዙሪያ ባለው ዋልካ መሬት ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉ ከፀሐይ፣ ከዝናምና ከአፈር ሰውነቱን ይሠራል፤ ፍሬውን ሰው ይበላዋል፤ ጭዱን በሬ ይበላዋል፤ የበሬው እበት ተመልሶ ለአፈሩ ይሆናል። አይጥ ከጎተራው ትሰርቃለች፤ አይጧን ጭልፊት ይነጥቃታል። የዚህ ሁሉ መነሻ ፀሐይ መሆንዋን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሌላ ማዕድ ነው፤ ይኸውም ከባሕር ወለል ፍል ውኃ በሚፈልቅበት ስፍራ ያሉ እንስሳት ምግባቸው ከየት እንደ ሆነና ማን ማንን እንደሚበላ፣ ሰዎችም ይህን እንዴት ሊያውቁት እንደ ቻሉ የሚናገረው ታሪክ ነው። ባሕር የሌለው የጎጃም ደጋ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አንዱ መልስ በዓባይ በረሃ ገደል ላይ፣ ሁለተኛው መልስ አያቶቻችን ይገበያዩበት በነበረው በአሞሌ ጨው ውስጥ ይገኛል።

ከቁይ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቁልቁለት ብቻ የብዙ ሚሊዮን ዓመታትን ገጽ ይገልጣል። ከሁሉ በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ ከፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ የረጋ ነው፤ የደጋው ዋልካ አፈርም ከዚሁ ድንጋይ መፈረካከስ የተገኘ ነው። ከእርሱ በታች አሸዋማ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ውፍረቱ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራው በታች ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፣ ወደ ድልድዩ ሲቀርቡ ደግሞ እንደ ገና አሸዋማ ድንጋይ ይገኛል። ያ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የባሕር ወለል ነው። በውስጡም ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች፣ ኮራሎችና የባሕር ጃርቶች ድንጋይ ሆነው ይታያሉ። ጂፕሰሙ ከኖራው በታች መገኘቱ ራሱን የቻለ ወሬ አለው፤ ባሕሩ በመጀመሪያ ሲመጣ ጥልቀት የሌለውና ፀሐይ የሚያተንነው ነበር፤ ኋላ ግን ውኃው እየሞላ ሄዶ የዛጎሎቹና የኮራሎቹ መኖሪያ ሆነ።

ይህንን ድንጋይ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራበትን ስም ያወጡለት እንግሊዛዊው ዊልያም ብላንፎርድ ናቸው። ብላንፎርድ የመሬት ጥናት ዐዋቂ ሆነው በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 በትግራይ ያዩትን የኖራ ድንጋይ በአንጣሎ ከተማ ስም ጠሩት፤ መጽሐፋቸውም በ1870 ታተመ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሌሎቹ ከመቅደላ ብራናና ንዋየ ቅድሳት ጭነው ሲመለሱ፣ እኒህ ሰው ድንጋይና የወፍ ቆዳ ሰብስበው መመለሳቸው ከዘመቻው ሁሉ ለእኛ የቀረልን መልካም ነገር ይህ ብቻ ነው ያሰኛል።

ነገር ግን ዓለቱ ማን በዚያ ይኖር እንደ ነበር ይነግረናል እንጂ ማን ከማን ይበላ እንደ ነበር እምብዛም አይነግረንም። ዛጎል ይቀራል፤ ለስላሳው ትል፣ አልጌውና ባክቴሪያው ይጠፋል። የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ግብዣው ካለቀ በኋላ ሳህኑ ብቻ የቀረበት አዳራሽ ነው። በሳህኑ ላይ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሰው ዛሬ ሕያው ወደ ሆነው ባሕር መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ባሕር ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድሜ አለው። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የደናክል ሜዳ ዛሬ የጨው ምድር ነው። ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ነበር። መግቢያው በስተሰሜን በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል እንደ ነበረ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ይህም የጥንቱ የአዱሊስ ወደብ የነበረበት፣ ብላንፎርድም ከጦሩ ጋር ከመርከብ የወረዱበት ስፍራ ነው። በሜዳው ዳርና ዳር ያ ዘመን የገነባው የኮራል ግንብ፣ ዛጎሎቹ እንደ ተሰኩበት፣ ውኃ በሌለበት ምድር ላይ ቆሞ ይታያል። ኋላ ምድሩ ከፍ ብሎ፣ እሳተ ገሞራም ተጨምሮበት በሩን ዘጋው፤ ውኃውም ተነነ። ባሕር ሲደርቅ በውስጡ ያለውን በተራ ይጥላል፤ መጀመሪያ ኖራና ጂፕሰም፣ ቀጥሎ የገበታ ጨው፣ በመጨረሻም ፖታሽና የማግኒዥየም ጨው ይረጋል። ይህንን ተራ አንባቢያችን ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ከዚህ ጨው እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይጓዝ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ጨው ሰጥተው ወርቅ ይቀበሉ እንደ ነበር መዝግቧል፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ ዓመታት ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይተዋል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በጎጃም ትልቁ በነበረው በባሶ ገበያ አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። እንግዲህ የጎጃም ሰው በአሞሌ ሲሸምት በእጁ የያዘው የደረቀ ባሕር ቁራጭ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕያው ባሕር እንውረድ። የቀድሞ ሊቃውንት የባሕሩም ማዕድ እንደ ደጋው ማዕድ በፀሐይ ብቻ የተዘረጋ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በላይኛው ውኃ የሚንሳፈፉ ረቂቃን ዕፀዋት በብርሃን ያድጋሉ፤ ትናንሽ እንስሳት እነርሱን ይበላሉ፤ ከሞቱት የሚራገፈው ፍርፋሪ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በጨለማው ወለል ያሉትም በዚህ ፍርፋሪ ይኖራሉ። ይህ አሳብ ለአብዛኛው ባሕር ዛሬም እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ በፍል ውኃ ዳር በተመሠረተችበት ዘመን፣ በ1887፣ ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ አንድ ሌላ መንገድ ገለጡ። በድኝ ምንጮች ውስጥ እንደ ነጭ ክር ሆኖ የሚታይ ቤጂያቶዋ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ይህ ባክቴሪያ እንደ በሰበሰ ዕንቍላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን ጋዝ ከኦክሲጅን ጋር ያዋሕዳል፤ ከውሕደቱም ኃይል ያገኛል። ምድጃ ከእንጨት ሙቀት እንደሚያወጣ፣ እርሱም ከድኝ ጋዝ ለሕይወት የሚሆን ኃይል ያወጣል። ለዘጠና ዓመታት ያህል ይህ ዕውቀት በባክቴሪያ ሊቃውንት ክበብ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ቆየ፤ እንስሳት በእርሱ ጠግበው ሊኖሩ ይችላሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በ1977 አልቪን የተባለችው የባሕር ውስጥ መንኰራኵር በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ 2,500 ሜትር ያህል ጠልቃ ፍል ውኃ ለመፈለግ ወረደች። የተላኩት የመሬትና የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ስለ እንስሳት የሚመራመር ሰው አብሯቸው አልነበረም፤ ምክንያቱም በዚያ ጨለማ እንስሳ ይገኛል ተብሎ አልታሰበም። ፍል ውኃውን አገኙት፤ በዙሪያውም ትላልቅ ዛጎል ለበሶች፣ ሸርጣኖችና ረጃጅም ትሎች ተከማችተው አገኙ። ናሙናውን ለማቈየት በቂ መድኃኒት ስላልነበራቸው ጥቂቱን በቮድካ እንዳስቀመጡት ይነገራል። ከእነዚህ እንስሳት አንዱ እስከ 2 ሜትር የሚረዝም፣ ቀይ ላባ የመሰለ ጫፍ ያለው፣ በነጭ ቱቦ ውስጥ የሚኖር ትል ነው፤ አፍ የለውም፤ አንጀትም የለውም። ታዲያ በምን ይኖራል? ይህን ጥያቄ የፈቱት የታወቁ ሊቅ አልነበሩም፤ ኮሊን ካቫና የተባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በ1980 በትምህርት ክፍል ውስጥ በትሉ ሰውነት የድኝ ቅንጣት መገኘቱ ሲነገር ሰምተው፣ እንዲህ ከሆነ በውስጡ ድኝ የሚያቃጥሉ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል ማለት ነው ብለው ተነሥተው ተናገሩ። ማስረጃቸውም በ1981 ታተመ። ትሉ ለባክቴሪያዎቹ ቤትና ጋዝ ያቀርባል፤ እነርሱም ምግብ ይሠሩለታል። ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያፍሩ ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ቢያውቁት ደስ ይለናል።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጦች «ያለ ፀሐይ የሚኖር ፍጥረት ተገኘ» እያሉ ጽፈዋል። እኛ ግን ይህ አነጋገር ከልኩ ያለፈ ይመስለናል። ባክቴሪያው ድኙን የሚያቃጥልበት ኦክሲጅን ከየት መጣ? በላይኛው ባሕርና በምድር ያሉ ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ያወጡት ነው። ከመሬት ሥር የሚፈላው ውኃ ድኙን ብቻ ያመጣል፤ ኦክሲጅኑን የሚያመጣው ቀዝቃዛው የባሕር ውኃ ነው። ማዕዱ የሚዘረጋው ሁለቱ ውኃዎች በሚገናኙበት ጠባብ ስፍራ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ስፍራ ጥቂት ወደ ፍሉ ቢጠጉ ሙቀቱና መርዙ ይገድላል፤ ጥቂት ቢርቁ ምግቡ ያልቃል።

ይህ ነገር በጥልቁ ባሕር ከሚታየው ይልቅ ብርሃን በሚደርስባቸው ዝቅተኛ ፍል ውኃዎች ዘንድ ጎልቶ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም የተዘነጉት እነዚሁ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያስደንቅ ግዙፍ ትል የላቸውም። ሩሲያዊው ታራሶቭና ባልደረቦቻቸው በ2005 ሁለቱን ዓይነት አነጻጽረው ድንበሩ 200 ሜትር ጥልቀት አካባቢ መሆኑን አመለከቱ። ከዚያ በታች ባሉት ፍል ውኃዎች ሌላ ቦታ ፈጽሞ የማይኖሩ ብዙ እንስሳት አሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ግን በአብዛኛው ከአካባቢው ባሕር የመጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ማዕዱን ለመካፈል ቀረብ ይላሉ፤ ሲበዛባቸውም ይሸሻሉ። እዚህ ሁለት መነሻዎች ባንድነት ይሠራሉ። ድኝ የሚያቃጥለው ባክቴሪያ በአሸዋው ላይ ነጭ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ በአጠገቡም አልጌና የባሕር ሣር በፀሐይ ይበቅላሉ። ትሉና ቀንድ አውጣው ከሁለቱም ይለቅማሉ።

በግሪክ አገር በሚሎስ ደሴት ዙሪያ እንዲህ ያለ ወለል አለ። ከአሸዋው ሥር የሚወጣው ትኩስና እጅግ ጨዋማ ውኃ መንገድ ስተው የቀረቡትን ትሎችና ትናንሽ እንስሳት ይገድላል። በነጩ ምንጣፍ ዳር ግን አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ በብዛት ትኖራለች። ተመራማሪዎች አኗኗርዋን በ1990ዎቹ ዓመታት ሲከታተሉ፣ ከፍል ውኃው የምታገኘው ጥቅም የድኙ ኃይል ብቻ ሳይሆን ፍል ውኃው የገደላቸው ሬሳዎች ጭምር መሆናቸውን አዩ። ገዳዩ መጋቢዋ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ በታይዋን ሰሜን ምሥራቅ ባለችው ጉዌይሻን ደሴት፣ በእኛ ቋንቋ የዔሊ ተራራ ደሴት በምትባለው ሥር ይገኛል። ፍል ውኃው 30 ሜትር በማይሞላ ጥልቀት፣ ድኝና አሲድ ተቀላቅሎበት ይፈልቃል። በ2000 ለሳይንስ አዲስ ሆኖ የተመዘገበ አንድ የሸርጣን ዓይነት በዚያ በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ እጅግ በዝቶ ይኖራል። በድኝ ወለል ላይ ይህን ያህል ሸርጣን ምን ይበላል? መልሱ በ2004 ታተመ። የባሕሩ ሞገድ ሲፈስ መርዘኛው ውኃ ወደ ጎን ተገፍቶ ይሄዳል፤ ሸርጣኖቹም ከስንጥቃቸው አይወጡም። ሞገዱ ከመምጣት ወደ መመለስ ሲለወጥ ግን ባሕሩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ የድኙ ውኃ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በላይ የሚንሳፈፉትንም ትናንሽ እንስሳት ይገድላል፤ ሬሳቸውም እንደ በረዶ እየዘነበ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ሸርጣኖቹ እንደ መንጋ ተግተልትለው ወጥተው ይበላሉ፤ ሞገዱ ሲመለስ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ልብ ብንል እነዚያ ተንሳፋፊዎች በፀሐይ የተቀለቡ ናቸው። የገደላቸው ከምድር ሥር የመጣው ድኝ ነው። ማዕዱ እንደ ገና የሁለቱ መገናኘት ነው፤ ግን ማንም ባልጠበቀው መንገድ ተገናኙ።

የሸርጣኑን ሆድ ሳያዩ ይህን ሁሉ እንዴት ማወቅ ይቻላል የሚል አንባቢ ይኖራል። ካርቦንና ናይትሮጅን ጥቂት ከፍ ያለ ክብደት ያላቸው መንትያዎች አሏቸው። የበላተኛው ሥጋ የሚበላውን ምግብ የካርቦን ምልክት እምብዛም ሳይለውጥ ይይዛል፤ ስለዚህ ምግቡ ከየትኛው ምንጭ እንደ ተነሣ ይነግራል። ከባዱ ናይትሮጅን ግን በያንዳንዱ የመበላላት ደረጃ ከአንድ ሺሕ 3 ወይም 4 እጅ ያህል እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ እንስሳው በመረቡ ውስጥ በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደ ተቀመጠ ይነገራል። ድኝም የራሱ ምልክት አለው። የትል ወይም የሸርጣን ሥጋ ጥቂት ተወስዶ ሲመዘን የወራት ምግቡ ታሪክ ተጽፎበት ይገኛል።

ይህን ይዘን ወደ ደናክል እንመለስ። በጨው ሜዳው መካከል የሚገኘው ዳሎል ዛሬ ፍል ውኃ የሚፈልቅበት፣ ድኝ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም የሚቀባው ስፍራ ነው። ጣልያኖች ለፖታሽ ሲሉ በ1918 የባቡር ሐዲድ ከወደቡ ወደዚያ አቅጣጫ ዘረጉ፤ ከ1958 እስከ 1968 ድረስ ደግሞ የራልፍ ፓርሰንስ ኩባንያ ቆፍሮ መረመረው። ሙቀት አለ፤ ድኝ አለ፤ ውኃም አለ። ስለ ባሕሩ ፍል ውኃ ያነበበ ሰው እዚህም የተዘረጋ ማዕድ ሊጠብቅ ይችላል። በ2019 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ስለዚህ ጕዳይ የተለያየ መልስ አሳተሙ። አንዱ ቡድን በዳሎል ፍል ውኃ ዝቃጭ ውስጥ እጅግ ደቂቅ የሆኑ ሕዋሳት አገኘሁ አለ። ወይዘሮ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚገኙበት ሌላው ቡድን ግን አሲዱና ጨው ባንድነት በበረቱባቸው ገንዳዎች፣ እንዲሁም ማግኒዥየም በበዛባቸው ኩሬዎች ሕይወት እንደሌለ፣ በአቅራቢያው ባለው ከዚህ ለዘብ ባለ ጨዋማ ውኃ ግን ብዙ ዓይነት ጨው ወዳድ ደቂቃን እንዳሉ አስታወቀ። ይህ ቡድን በየናሙናው ብክለትን ለመለየት ብዙ ስለ ደከመ እኛ ወደ እርሱ መልስ እናዘነብላለን።

ምክንያቱም ከላይ ልብ ይባልልን ካልነው ተራ ጋር ይስማማል። ባሕሩ ሲደርቅ በመጨረሻ የቀረው ማግኒዥየም ነው። ማግኒዥየም የበዛበት ውኃ እርጥብ ይምሰል እንጂ ለሕይወት የሚሆን ውኃ አይሰጥም፤ የሕዋስንም ሥራ ያፈርሳል። ስለዚህ ከ120,000 ዓመት በፊት ኮራልና ዛጎል የመገበው ያው ባሕር፣ በሩ ተዘግቶ በተነነ ጊዜ የተወው ዝቃጭ ለፍል ውኃው ጠላት ሆነበት። በዳሎል እሳቱና ድኙ ዛሬም አሉ፤ የጠፋው የሚገናኙት ሌላው ውኃ ነው።

ሆኖም ግንኙነቱ በደናክል ፈጽሞ አልተቋረጠም። ከኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ በስተደቡብ አፍዴራ፣ ወይም አፍሬራ፣ የሚባለው ሐይቅ አለ። ውኃው ከባሕር ውኃ እጅግ ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ በዳርቻው ግን ጨዋማነታቸው ያነሰ ፍል ምንጮች ይፈልቃሉ። ምንጩ ከሐይቁ ጋር በሚቀላቀልበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ብርሃንና ሙቀት ባንድነት በሚደርሱበት ስፍራ፣ በሌላ በየትም ዓለም የማይገኙ ዓሦች ይኖራሉ። አንደኛው በ1928 እና በ1929 ደናክልን ባቋረጠው በባሮን ራይሞንዶ ፍራንኬቲ ስም ተጠርቶ በ1931 ተመዘገበ። ሌላውን ደቂቅ ዓሣ ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከአንድ አሜሪካዊ ባልደረባቸው ጋር በ2001 ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁ። ከሐይቁ ማእከል ጨው ይገድላቸዋል፤ ከምንጩም ዓይን ሙቀቱ ይከለክላቸዋል፤ ከሚሎስ ቀንድ አውጣ ጋር የሚመሳሰል ጠባብ ርስት ነው ያላቸው።

በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ጨው ከቀረ ወዲህ ግን የአገራችን የገበታ ጨው ከፍተኛ ክፍል የሚመጣው ከዚሁ ከአፍዴራ ነው። ውኃው ከሐይቁ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች እየተሳበ በፀሐይ ይደርቃል፤ ጨውም በከባድ መኪና ተጭኖ ቀድሞ አሞሌ ወደ ወጣባቸው ደጋዎች፣ እስከ ጎጃም ገበያዎችም ድረስ ይደርሳል። ገንዳዎቹ የሚቈፈሩት በሐይቁ ዳርቻ ነው። ዓሦቹም ያሉት በዳርቻው፣ ምንጩ ሐይቁን በሚያገኝባት ቦታ ነው፤ ያቺ ቦታ ደግሞ በስፋት ከአንድ የቁይ ገበሬ ማሳ ጋር ብትነጻጸር ምንም አይደለችም።